ከውጭ የተቀረቀረው በር

ሂዊ ቦነር ከውሃው ብቅ ብሎ ማስተንፈሻውን ከአፉ ሲያወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ብርዱ ነው እንዳይባል፣ የዶኒጎልን ባሕር በመጋቢት ሲጠልቅበት የኖረ ሰው ነው። የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ከተሳፋሪው መሀል ኑዋላን ፈለጋት።

«የሰጠመችው ጀልባ ጓዳ ውስጥ መብራት ይታያል» አላት።

«የምን መብራት?»

«የጠላቂ ባትሪ። በክቧ መስኮት በኩል አየሁት፣ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ሰው አለ ውስጥ። የኮናልን አጥንት ማለቴ አይደለም፣ ኑዋላ። ልብሱን እንደለበሰ፣ ሲሊንደሩን እንዳዘለ ሰው።»

«በሩስ?»

«ተቀርቅሯል። ከውጭ።»

አባ ኮልም የጸሎት መጽሐፋቸውን ከደኑ። ኤትና የአበባ ጉንጉኑን ጭኗ ላይ እንደያዘች ውሃ ውሃውን ታያለች። ማንም አላናገራትም፤ የዕለቱ ሐዘን የእሷ ነበርና።

የፖርትቡይ መንደር ሰው በዚያ ጠዋት ባሕር የወጣው ለሙት ዓመት ነበር። ከዐሥር ዓመት በፊት ብሪጊድ የምትባል የዓሣ ጀልባ በጭጋግ «ጥጃው» ከሚሉት ዓለት ጋር ተላትማ እዚያው ሥሩ ሰጠመች። ሁለት ሰው ነበር የተሳፈረባት። ካፒቴኑ ፊንታን ስዊኒ በነፍስ አድኗ የላስቲክ ጀልባ ብቻውን ወጣ። የኤትና አንድ ልጅ ኮናል ግን ቀረ። ፊንታን «ማዕበሉ ከእጄ ነጠቀኝ» ብሎ በመስቀሉ ማለ፣ ሰዉም በጆሮው ሰማው እንጂ በልቡ አልተቀበለውም። ቃል የመለሰለትን የጀልባ ረዳት መኝታ ጓዳው ከትቶ ከውጭ የመቀርቀር አመል እንዳለበት ማን የማያውቅ አለ? አጥንት የሌለው ክስ ግን የት ይደርሳል። አሸዋው ጀልባዋን እስከ ወገቧ ውጧት፣ የጓዳውን በር ደፍኖት ዐሥር ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ የክረምቱ ወጀብ ያን አሸዋ ጠርጎ ወሰደው። ባለፈው እሑድ ሂዊ ወርዶ በሩን አገኘው፣ መቀርቀሪያው እንደተዘጋ ነው። ወሬው በዚያው ዕለት መጠጥ ቤቱን ሞላ። ኢንስፔክተር ኑዋላ ብሬስሊን ከከተማ ደውላ «እኔ ሳልኖር በሩን ማንም እንዳይነካ፤ በሙት ዓመቱ ጠዋት አብረን እንከፍተዋለን» አለች። የመንደሩ ልጅ ናት፤ ኤትና አክስቷ ናት፣ ኮናልም ያክስቷ ልጅ። ከዚያ ጓዳ ምን እንደሚወጣ አውቃ፣ ለአክስቷ የሚቀበር ነገር ልትሰጣት ነበር የመጣችው። አሁን ደግሞ ሌላ ሬሳ ተጨመረላት።

* * *

ከምሳ በፊት አስከሬኑ ወደቡ ላይ ወጣ። ጭንብሉ ሲነሳለት ከቆመው ሰው መሀል አንዱ ሳቀ።

«ፊንታን ነው» አለ ሌላው። «እሰይ። እግዜር ቢዘገይም አድራሻ አይጠፋውም።»

«ዝም በሉ» አለች ኑዋላ። እውነቱን ለመናገር እሷም ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለል ብሏት ነበር፣ በዚያም ራሷን ተቆጣች።

ረዳቷ ሎርካን የደጋ ልጅ ነው፤ ጀልባ ላይ ሲያስመልሰው አርፍዶ አሁን ገና ቀለሙ ተመልሶለታል። አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክኮ «ጣቶቹን እዪ» አላት። የሁለቱም እጅ ጣቶች አንጓ በጓንቱ ውስጥ አብጧል። «ሲደበድብ ነው የሞተው። በሩን። ሲሊንደሩ ባዶ ነው፣ አየሩ አልቆበታል። አንድ መዶሻ ደግሞ ከበሩ ውጭ ተቀምጦ ነው የተገኘው።»

«ማንም ሳይጎትተው በገዛ እግሩ ገባ ማለት ነው። ከዚያ አንዱ ቀረቀረበት።»

«መቀርቀሪያውን ሊያላቅቅ ነው የሄደው። ዛሬ ከመከፈቱ በፊት በሩ ክፍት ሆኖ እንዲገኝ።»

«እሱማ ማን ይጠፋዋል» አለች።

ከአስከሬኑ ጋር አንድ የመረብ ከረጢት ወጥቷል። ውስጡ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ ሐኪሙ በሁለት እጁ ተቀብሎ በውጭ በኩል ዳበስ ዳበስ አደረገውና ቀና ብሎ ኑዋላን አያት። «አጥንት ነው። ሆስፒታል ሳንደርስ አልከፍተውም» አለ። ኤትና ከጀርባቸው ቆማ ነበር፣ ሰማችው። ወደ ሐኪሙ ራመድ አለችና «ልጄ ወጣ?» ብላ ጠየቀች። ኑዋላ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀችላት።

አለቃዋ በስልክ ጠየቃት፦ «ሟቹ ዘመድሽ ነው?»

«እግዜር አያምጣው።»

«እንግዲያው ቀጥይበት። ዘመድሽ የሆነ ሰው ወደ መዝገቡ የተጠጋ ዕለት ግን እጅሽን ታነሻለሽ።»

«እሺ» አለች።

ስልኩን ዘግታ ልብሱን ስታገላብጥ አንድ ነገር አየች። ውሃ የማያስገባው የፊንታን ልብስ ዚፑ ከኋላ ነው፣ ከትከሻ ትከሻ። ሰው ብቻውን ሊዘጋው አይችልም፣ እጅ አይደርስም። ማታ ያንን ዚፕ የዘጋለት ሰው አለ።

* * *

የፊንታን ሚስት ኦርላ ከሩቅ፣ ከጎልዌይ የመጣች ሴት ናት። ፖርትቡይ ባሏን ሲያኮርፍ እሷንም አብሮ አኩርፏት፣ ዳቦ እንኳ ከሌላ መንደር ነበር የምትገዛው። በሩን ከፍታ ሳታስገባቸው ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ዚፑን የዘጋሁለት እኔ ነኝ» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሊመሽ ሲል። ይኸው ነው የምትፈልጊው?»

«ወዴት እንደሚሄድ ነግሮሻል?»

«ነግሮኛል።»

«መቀርቀሪያውን ሊያላቅቅ።»

«አንቺ ብለሽ ጨርሰሽዋል፣ እኔ ምን እጨምርበታለሁ?»

«ሳይመለስ ሲቀር ለምን አልደወልሽም?»

«ለማን? ለሂዊ ቦነር? ለአንቺ?» ዓይኗ ደርቋል፤ ስታለቅስ አድራ ያለቀባት ይመስላል። «የያዘውን ከረጢት ከፍታችሁታል?»

«ሐኪሙ ጋ ነው።»

«እሱ ሲከፈት ተመለሺ። ያኔ እናወራለን። እስከዚያው ከነዚህ ሰዎች የትኛው እንደገደለው ፈልጊ። አይቸግርሽም፣ ሁሉም እኔ ነኝ ሊልሽ ነው።»

አልዋሸችም። መጠጥ ቤቱ እንደ ሠርግ ቤት ደምቋል። አንዱ «እኔ ብሆን በሩን ከመዝጋቴ በፊት ደህና እደር እለው ነበር» ይላል። ሌላው ለገዳዩ አንድ ብርጭቆ ከፍሎ ባንኮኒው ላይ አስቀምጧል፤ ቢራው ሳይነካ አረፋው ሞቷል። ማታ የት ነበራችሁ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው። ኤትና ቤት። በሙት ዓመቱ ዋዜማ መንደሩ እዚያ ተሰብስቦ መቁጠሪያ ይደግማል። ባልና ሚስቱ፣ ሽማግሌው፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ሲመሰክር ሎርካን መጻፉን ተወው።

«መንደር ሙሉ ተንበርክኮ ነበር» አለ ሲወጡ። «ማን ቀረ?»

«ሂዊ» አለች ኑዋላ። «ሂዊን ያነሳ ሰው የለም።»

* * *

ሂዊ የጠላቂዎች ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ልብሱን በመንጠቆ እየሰቀለ አገኙት። ከኮናል ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። ጓደኛው ከጠፋ ጀምሮ በባሕር የቀረ ሰው ሲኖር በብላሽ እየጠለቀ የሚያወጣ እሱ ነው፤ የስንቱን እናት ልጅ ለቀብር ሲያበቃ የኮናልን አጥንት ብቻ ማግኘት አቅቶት ኖሯል።

«ማታ የት ነበርክ?» አለችው።

«ብቻዬን።»

«የት ብቻህን?»

«ባሕር ውስጥ ብለሽ ጻፊው።»

«ልብስህ እርጥብ ነው።»

«የጠላቂ ልብስ ደርቆ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሎርካንን ጠቀሰው። «አንተ እንኳ ጠዋት ደረትህ ድረስ ርሰህ ነበር፣ ያውም በቁርስህ።»

«ሂዊ፣ እየቀለድኩ አይደለም። ባለፈው የገና በዓል መጠጥ ቤት ውስጥ ‹አንድ ቀን እሱኑ እዚያ ጓዳ እከተዋለሁ› ብለሃል። ዐሥር ሰው ሰምቶሃል።»

«ዐሥር ብቻ? ጮክ ብዬ ነበር እኮ የተናገርኩት።»

«ገደልከው?»

ሂዊ ልብሱን አስተካክሎ ሰቀለና ሁለት እጁን ዘረጋላት። «ውሰጂኝ። ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። የምኮራበት ነገር ነው።»

«ገደልኩ አላልክም።»

«አልገደልኩም አላልኩም።»

ወሰዱት። ምን ታድርግ፤ ቂም አለው፣ መሣሪያ አለው፣ ምስክር የለውም። ሎርካን ነገሩ አልቋል ብሎ መኪና ውስጥ ሲያፏጭ ነበር። እሷን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ሂዊ ስንቱን ነገር ሲሆን አይታዋለች፣ ውሸታም ሲሆን ግን አላየችውም፤ አሁን ደግሞ በጥያቄዋ ዙሪያ እየዞረ ሲሸሽ አየችው። ኩራት ያለው ሰው እንዲህ አይሸሽም።

በማግስቱ ሎርካን ማኅበሩ ውሃ ውስጥ የቀረጸውን ፊልም ከፈተላት። ጥቁር ዓለት፣ የባሕር ሣር፣ ከዚያ የብሪጊድ አፍንጫ፣ በሩ፣ መዶሻው። ከጓዳው ራስ ላይ ክምር ነገር አለ።

«አቁመው» አለች። «ይህ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ። ሂዊን ጠይቄው ባሕሩ ያመጣው ነው ብሎኛል።»

«ነጭ እኮ ነው።»

«ታዲያ?»

«ጥጃው ሥር ነጭ ድንጋይ የለም።» ፊቷን ወደ ማያው አስጠጋች። ክብ ክብ ናቸው፣ እያንዳንዱ የዳቦ ያህል። ከታች ያሉት አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅለዋል፣ ከላይ ያሉት ንጹሕ ናቸው። አንዱ ብቻውን ወርዶ በሩ ደፍ ላይ ወድቋል። እንደዚህ ያለ ድንጋይ የምታውቀው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ የመቃብር ቦታው ነው፤ ሰው ለሟቹ ያስቀምጠዋል። ሌላው የሚለቀምበት ዳርቻ ነው። ያ ዳርቻ የት እንዳለ ለሎርካን አልነገረችውም።

በዚህ መሀል ሐኪሙ ደወለ። «አጥንቱ የአንድ ወጣት ወንድ ነው፣ ጥርሱ ከኮናል መዝገብ ጋር ገጥሟል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በችኮላ የተጠቀለለ አይደለም። ጨርቁም ተራ ጨርቅ አይደለም፣ ጥልፍ ያለበት የድሮ በፍታ ነው።»

* * *

ኦርላ በዚህኛው ጊዜ አስገባቻት። ከእሳቱ አጠገብ ያለው ቁም ሣጥን የላይኛው መሳቢያ ተከፍቷል፣ ባዶ ነው።

«እናንተ አገር እያንዳንዱ ቤት አንድ በፍታ አለው» አለች ኦርላ። «ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ አሳየችኝ። ማንም አይተኛበትም፣ ማንም አይበላበትም። አማቴን በእሱ ገነዟት፣ የፊንታንን አባትም። ሬሳው ሣጥን ሲገባ ታጥቦ፣ ተተኩሶ መሳቢያው ይመለሳል። የቤቱ ሰው ሲሞት ብቻ ይወጣል። አይደለም?»

«ነው» አለች ኑዋላ።

«በማዕዘኑ ላይ ሰማያዊ መልሕቅ አለው። ፊንታን ማክሰኞ፣ በዋዜማው ማታ አውጥቶ በላስቲክ ጠቀለለውና ከረጢቱ ውስጥ ከተተው። ልደብቅ የሚል ሰው ይህን ይወስዳል? ባሕር ውስጥ ለሚጥለው አጥንት?»

ኑዋላ የተከፈተውን መሳቢያ ገፍታ ዘጋችው።

«ያን ዕለት ልጁን ቀርቅሮበት እንደነበረ ዐሥር ዓመት ሙሉ ለእኔም አልነገረኝም። እሑድ ዕለት ነገረኝ። ጀልባዋ ስትመታ ደንግጦ ሸሸ፣ በሩን ረሳው። ረሳሁት ነው ያለኝ፣ እኔም ላምነው አልቻልኩም። ፈሪ ነበር፣ ኑዋላ። እኔም ናቅኩት፣ አልደብቅሽም። ማክሰኞ ግን ‹እኔው በእጄ ዘጋሁበት፣ እኔው በእጄ አወጣዋለሁ፤ ፖሊስ ሳያወጣው ለእናቱ እሰጣታለሁ› አለ። መንደሩ ተሰብስቦ በሚጸልይበት ሰዓት በሩን አንኳኩቶ ሊገባ ነበር። ሲያድር ወይ ገድለውታል ወይ ምረውታል ብዬ ቁጭ አልኩ። ለዚህ ነው ያልደወልኩት።»

«ይህን ፍርድ ቤት…»

«ፍርድ ቤት አልፈልግም» አለች ኦርላ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እስራትም አያረካኝም። ለዚያ ሰው ንገሪልኝ። ማንም ይሁን ማን፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ፊንታን ምን ሲያደርግ እንደቀረቀረበት ንገሪው። ዕድሜ ልኩን ከዚህ ጋር ይተኛ። ካልነገርሽው እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

* * *

አባ ኮልም ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ አገኟት፣ ፊታቸው ተቆጥቷል።

«ሂዊን አስረሽዋል አሉ። ምን ሆነሻል? በዋዜማው ማታ ኤትና ቤት የከፈተልኝ እሱ ነው። ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ወንበር ሲደረድር ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በር የከፈተልኝን ሰው እንዴት እረሳለሁ?»

«እሱ ግን ይህን አልነገረኝም፣ አባ። ብቻዬን ነበርኩ ነው ያለኝ። ኤትናስ የት ነበረች?»

«ዋና ላይ ነበረች። ከትንሽ ጊዜ በኋላ መጣች፣ ፎጣዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ። መቁጠሪያውንም እሷው መራችው፤ ደግሞ እንደዚያ ጠንክራ ስትመራ ሰምቻት አላውቅም።»

«ማንም ይህን አላነሳልኝም።»

«ምኑን? ኤትና መዋኘቷን? ዐሥር ዓመት ሙሉ በበጋም በበረዶም ስትዋኝ የኖረችን ሴት። ዓሣው ይዋኛል ብሎ የሚነግርሽ አለ?»

«አክስቴ የምትዋኘው ጠዋት ነው፣ አባ» አለች ኑዋላ። «ማታ ዋኝታ አታውቅም።»

ሂዊ ወንበር ሲደረድር ኤትና በማታ ከባሕር ርሳ ስትገባ ያየውን ለመሸሸግ ሲል የገዛ ምስክሩን እንደጣለ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገባቸው።

* * *

ከኤትና ቤት ሥር ያለው ዳርቻ አሸዋ የለውም። ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ሲረግጡት ይንኳኳል። ባሕሩ ሸሽቶ ጥጃው እስከ ሆዱ ተገልጧል፣ እዚህ ሆነው ሲያዩት ቅርብ ነው። ትንሿ ታንኳ ተገልብጣ ተቀምጣለች፣ ኤትና ጀርባዋ ላይ ተቀምጣለች።

«ዛሬ አልገባሽም?» አለቻት ኑዋላ።

«ምን ልሠራ? ልጄ ወጥቷል።»

ኑዋላ አንድ ድንጋይ አነሳች። ከባድ ነው። «እዚያ ታች ከዚህ ዓይነት ክምር አለ።»

«አንዱን አቅፌ ነው የምወርደው። ድንጋይ ካልያዝሽ ውሃው አያወርድሽም። ባሕሩ ሲሸሽ ጥልቀቱ ያን ያህል አይደለም፤ የተኛበት ጓዳ ራስ ላይ እደርስና አስቀምጬለት እወጣለሁ።» እጇን ጭኗ ላይ አሸት አሸት አደረገች፤ ጣቶቿ ብርድ ያጣመማቸው ናቸው። «መቃብር የለው። ነጭ ድንጋይ ማን ያስቀምጥለታል? ሂዊ እንዳየው አውቃለሁ። አንድም ቀን አላነሳብኝም፣ እሱ ጨዋ ልጅ ነው። ፍቺው።»

«ማክሰኞ ማታ ምን ሆነ?»

«ልታስሪኝ ነው የመጣሽው ወይስ ልትሰሚኝ?»

«ሁለቱንም፣ አክስቴ። የምትነግሪኝን ሁሉ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ። አለመናገር ትችያለሽ።»

«ዝም ማለትማ ጠግቤዋለሁ።» ፊቷን ወደ ዓለቱ መለሰች። «በነጋው በሩ ሊከፈት ነው። የዘወትሩ ጉብኝቴ ማብቂያ ነው ብዬ ልሰናበተው ሄድኩ። ከጥጃው ጀርባ የዚያ ሰው ጀልባ ታስራለች። ድንጋዬን አቅፌ ወረድኩ። በሩ ተከፍቷል፣ ውስጥ መብራት ይንቀሳቀሳል። አንዴ ገድሎብኝ አሁን ደግሞ አጥንቱን ሊያጠፋብኝ መጣ። ድንጋዩን ጣልኩና በሩን ገፋሁት። መቀርቀሪያው ዐሥር ዓመት የዛገ አይመስልም። እሱው በመዶሻ አላልቶልኝ በአንድ ጣት ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ትንፋሼ አለቀ፣ ወጣሁ። አየር ሰብስቤ ተመለስኩ።»

«ልትከፍቺለት?»

«ልሰማው። ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ እስከቻልኩት ሰማሁት። ኮናል እንዴት እንዳንኳኳ ሌሊት ሌሊት ስሰማው የኖርኩ ነኝ። እስቲ እሱም ያንኳኳ አልኩ።» ዓይኗን ከዓለቱ አላነሳችም። «ሦስተኛም ወረድኩ። መቀርቀሪያውን ያዝኩት፣ አልዋሽሽም። ያዝኩትና ተውኩት። ታንኳዬን ቀዝፌ ቤቴ ገባሁ።»

ኑዋላ ሲሊንደሩን አሰበች። መንደሩ በጉልበቱ ሆኖ ለኮናል ነፍስ ሲጸልይ፣ እዚያ ታች ያለው ሰው ገና አየር ነበረው።

«አንጀትሽ ራሰ?» አለቻት።

«ራሰ» አለች ኤትና፣ ፈገግ ብላ። እንዲህ ፈገግ ስትል ኑዋላ ካየቻት ዐሥር ዓመቷ ነው። የኦርላ መልእክት ምላሷ ላይ ነበር። አልነገረቻትም።

ፈንጠር ብላ ስልኳን አወጣች። «ዘመዴ ወደ መዝገቡ ተጠግታለች» አለች ለአለቃዋ። ሰዎች ወደ ሆስፒታሉ እንዲልክ፣ ሂዊንም እንዲፈታ ጠየቀችው።

«ሆስፒታል ለምን?» አላት።

«እናትየው ልጇን ሳታይ አትታሰርም። ከፈለግህ እኔንም አብረህ እሰረኝ።»

ኤትና ልብሷን ለብሳ ከመሳቢያዋ የቤቷን በፍታ አወጣች። በብብቷ ይዛ መኪናው ውስጥ ከፊት ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ስለ ቀብሩ ነበር የምታወራው፤ ከአባቱ ጎን ይሁን አለች፣ ጉድጓዱን ሂዊ ይቆፍር አለች።

* * *

ሐኪሙ ከፍቶላቸው ወደ ኋላ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ነጩ ጥቅል አለ፣ ደርቆ ጨው አብቅሏል። ሁለት ፖሊሶች ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃሉ።

«ጠቅልላችሁልኛል?» አለች ኤትና። «እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ በራሱ ቤት ጨርቅ ልገንዘው።»

ጥቅሉን በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ ጫፉን ገለጥ ስታደርግ እጇ እዚያው ቆመ። ማዕዘኑ ላይ ሰማያዊው መልሕቅ አለ።

«ይህ የስዊኒ ቤት በፍታ ነው» አለች። «እናቱን በዚህ ስንገንዛት አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ማን ጠቀለለው?»

ኑዋላ መዋሸት ትችል ነበር። ሐኪሙ ነው ብትላት ኤትና ታምናታለች፣ ሐኪሙም ዝም ይላል። የአክስቷን ፈገግታ አሰበች፣ ኦርላንም አሰበች። «ፊንታን» አለች። «አንቺ ከመውረድሽ በፊት ጠቅልሎ ጨርሶ ነበር። ሊያመጣልሽ ነው የገባው። መቁጠሪያው ላይ ሰዉ ሁሉ ባለበት በርሽን አንኳኩቶ በእጁ ሊሰጥሽ ነበር። ለኦርላ ነግሯታል።»

የኤትና ጣት መልሕቁ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«በኃይል አልነበረም የሚያንኳኳው» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ ላይ አዎ። ሦስተኛ ስወርድ ግን ቀስ እያለ ነበር። የሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ።»

ኑዋላ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፣ ኤትና አልተጠጋቻትም። የስዊኒን ጨርቅ እንዳይፈታ አድርጋ በልጇ አጥንት ላይ መልሳ ከደነችው፣ ጫፉንም እንደ ሕፃን መጠቅለያ ከሥሩ ሸጎጠችው። ከዚያ ከብብቷ የራሷን በፍታ አውጥታ ለኑዋላ ሰጠቻት።

«ለኦርላ ውሰጅላት» አለች። «ባሏን የምትገንዝበት የላትም።»

ካፖርቷን ቆልፋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።